የዴስኩ ሁለት ጫፍ

ሰሌዳውን ለሦስት ከፍዬ «መንስኤ»፣ «ሂደት»፣ «ውጤት» ብዬ ጽፌ ነበር። የታሪክ መምህር ሆኜ በቆየሁባቸው ዓመታት ጦርነትን ያስተማርኩት ሁልጊዜ በእነዚህ ሦስት ዓምዶች ነው። የዕለቱ ትምህርት ዓድዋ ነበር። ከመንስኤው ሥር የውጫሌ ውል አንቀጽ 17፣ ከሂደቱ ሥር አምባላጌና መቀሌ፣ ከውጤቱ ሥር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው ድል ሰፍሯል። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከመሃል ረድፍ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የኛ ጦርነት መንስኤው ምንድን ነው ተብሎ ነው የሚጻፈው?»

«የኛ» ያለችው የትኛውን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ልጅቷ ከመቀሌ የመጣች ናት፤ አብዛኞቹን የክፍል ጓደኞቿን በሁለትና በሦስት ዓመት ትበልጣለች። በዚያው ዴስክ ሌላኛው ጫፍ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ከቆቦ መጥቶ አጎቱ ጋ የሚኖር ነው። ማንም አስቦበት አብሮ አላስቀመጣቸውም፤ መስከረም ላይ ሲመዘገቡ ክፍት የነበረው ቦታ ያ ብቻ ነበር። ልጁ ቀና አላለም። የእስክሪብቶውን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፍታል። ክፍሉ ሁሉ እኔን እያየ ዝም አለ። እኔ ሰዓቴን አየሁና «እሱ መጽሐፉ ውስጥ የለም» ብዬ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርኩ። ደወሉ ግን ገና አልተደወለም ነበር።

ያን ዕለት ዝም ያሰኘኝ ፍርሃት ብቻ አይደለም። እኔም ወገን አለኝ። የአክስቴ ልጅ ዘምቶ አልተመለሰም፤ መርዶውም በወጉ አልደረሰንም። መርዶ ያልተነገረለት ሰው ተዝካር አይወጣለትም፣ ሐዘኑም ቀን አይቆረጥለትም። እንዲህ ያለ ነገር ቤቱ ያለ ሰው በሁለት ልጆች መካከል ቆሞ «መንስኤው ይህ ነው» ሲል ድምፁን ማመን ይከብደዋል። ስለዚህ እኔም አገሩ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ሆድ ይፍጀው የተናቀ ጥበብ አይደለም። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ዕድር እየተካፈለ እንዲኖር፣ ያኮረፉ ወንድማማቾች በአንድ ለቅሶ እንዲቀመጡ ያስቻለ ትዕግሥት ነው። ግን የአዋቂ ጥበብ ነው። ያየ ሰው፣ የሚያውቀውን ነገር፣ አውቆ ሆዱ ውስጥ ያኖረዋል። ያላየ ልጅስ ምኑን ያኖራል? እሱ ዘንድ የሚደርሰው ቃጠሎው ብቻ ነው፤ እሳቱ የት እንደተነሣ፣ ማን እንደጫረው፣ የማን ቤት እንደነደደ አያውቅም። ሳያውቅ ግን ይቃጠላል።

ደግሞም ትምህርት ቤት ዝም ስላለ ልጁ ስለ ጦርነቱ አልተማረም ማለት አይደለም። ተምሯል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ተምሯል፤ ቡና ሲፈላ ከእናቱና ከጎረቤቶቿ ተምሯል፤ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ከቲክቶክ ተምሯል። የእነዚህን መምህራን ሐዘን አልነቅፍም፤ ብዙዎቹ የሚናገሩት የደረሰባቸውን ነው። ነገር ግን አንድ የሚያመሳስላቸው ጉድለት አለ፦ ሲያስተምሩ ሌላኛው ልጅ በዚያ የለም። የሚሰማው ጆሮ ሁሉ የአንድ ወገን ጆሮ ነው። በአገር ውስጥ የሁለቱም ቤት ልጆች በየቀኑ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ቦታ ቢፈለግ፣ ዋነኛው ክፍል ውስጥ ያለው ዴስክ ነው። እኔ ያን ዕለት ዝም ስል የጠፋው የሰሌዳው ጽሑፍ ብቻ አልነበረም፤ ያ ዴስክ ሊሠራ ይችል የነበረው ሥራም አብሮ ጠፋ።

በዚህ ነገር የተቸገርን የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ቤይሩት ለብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ሩቅ ከተማ አይደለችም፤ እህቶቻችን በየቤቱ ሠርተውባታል፣ ጥይት የበሳቸውን ግድግዳዎቿን በዓይናቸው አይተዋል። የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1990 ዘለቀ። በ1989 በሳዑዲ ዓረቢያዋ ጣኢፍ ከተማ የተፈረመው ስምምነት ጦርነቱን ለማስቆም ካሰፈራቸው ነገሮች አንዱ ለመላው አገሪቱ ተማሪዎች አንድ የታሪክ መጽሐፍ እንዲዘጋጅ ነበር። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ረቂቅ ተጻፈ፣ ረቂቁ ወደቀ፣ ሌላ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈው የአገሪቱ የታሪክ ትምህርት ከፈረንሳይ ነፃ ከወጡበት ከ1940ዎቹ ወዲህ አልተሻገረም። አያቱ ምሽግ ይዞ በተዋጋበት ጎዳና ላይ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ፣ ስለዚያ ጎዳና ከመንግሥት መጽሐፍ የሚያነበው ነገር የለም። ሊባኖሶች የፈለጉት ክፉ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ታሪክ ነው የፈለጉት። ግን ስምምነትን ቅድመ ሁኔታ ያደረገ አገር፣ ስምምነቱ ሲታጣ እጁ ላይ የሚቀረው ዝምታ ነው።

የቦስኒያ ነገር ከዚህም ይጠልቃል። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1995 በነበረው ጦርነት አንድ መቶ ሺህ ያህል ሰው አለቀ። ስሬብሬኒትሳ በምትባል ከተማ ብቻ በሐምሌ 1995 ስምንት ሺህ ያህል የቦስኒያ ሙስሊም ወንዶችና ወጣቶች ተገደሉ፤ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2007 ድርጊቱ የዘር ማጥፋት መሆኑን በየነ። ጦርነቱ ካበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2000፣ የአውሮፓ ምክር ቤት የታሪክ ምሁራን የጋራ መንገድ እስኪያበጁ ድረስ ስለዚያ ጦርነት ማስተማር ለጊዜው እንዲቆይ ሐሳብ አቀረበ። ቁስሉ ትኩስ ነበርና ምክሩ ቅን ነበር። በቆይታው ውስጥ ግን የጋራ መንገድ አልተበጀም፤ እያንዳንዱ ወገን የየራሱን መንገድ አበጀ። በኋላ ጦርነቱ ወደ ክፍል ሲገባ በአንዱ ክልል መጽሐፍ የዘር ማጥፋት ተብሎ፣ በሌላው ክልል ይህ ስም ተከልክሎ ገባ።

ከመጽሐፉ ይልቅ የከፋው ግን ሕንፃው ነው። ተፈናቃዮች ወደ ቀያቸው ሲመለሱ ልጆቻቸው የሚማሩበት ቦታ ታጣና ለጊዜው ተብሎ አንድ መላ ተገኘ፦ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ትምህርት ቤት። የክሮአት ልጆች በአንድ በር፣ የቦስኒያክ (የቦስኒያ ሙስሊም) ልጆች በሌላ በር ይገባሉ፤ ወይም እነዚህ ጠዋት፣ እነዚያ ከሰዓት ይማራሉ። ርዕሰ መምህሩ ሁለት፣ የትምህርት ፕሮግራሙ ሁለት፣ የታሪክ መጽሐፉም ሁለት ነው። በትራቭኒክ ከተማ ግቢውን ለሁለት የሚከፍል አጥር ቆመ። እነዚህ ልጆች ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ፤ ዝናብ ሲዘንብ የሚያፈሰው ጣሪያም አንድ ነው። በ2014 እነዚህ ትምህርት ቤቶች ያሉበት ክልል፣ የቦስኒያና ሄርዞጎቪና ፌዴሬሽን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሠራሩ አድልዎ መሆኑን ወሰነ፤ ከውሳኔው በኋላም አሠራሩ ከአብዛኞቹ ቦታዎች አልጠፋም። ለጊዜው ተብሎ የተሠራ አጥር ትውልድ አሳደገ።

በዚያችው አገር ግን ያይትሴ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ባለሥልጣናቱ አብረው ይማሩ የነበሩትን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለይተው አዲስ ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ሲነሡ፣ በ2016 እና በ2017 የሁለቱም ወገን ተማሪዎች አብረው አደባባይ ወጡ፤ ዕቅዱም ቀረ። ወላጆቻቸው የተዋጉ ልጆች ናቸው። ስለ ጦርነቱ ይስማሙ እንደነበር ማረጋገጫ የለም፤ እነሱም የጠየቁት በአንድ ታሪክ መስማማትን አልነበረም። የጠየቁት አለመለየትን ነው። እኔ ከዚያ የተማርኩት ይህን ነው፦ የአንድ አገር ልጆች አንድ መጽሐፍ ከማግኘታቸው በፊት አንድ ዴስክ ያስፈልጋቸዋል።

አባቶቻችን ለዚህ ስም ነበራቸው። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ አንዱ ሌላውን ሳይለቅ፣ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይባላል። ልጆቹ ከሳሽና ተከሳሽ ናቸው እያልኩ አይደለም። ከቁራኛ የምወስደው መቋጠሩን ብቻ ነው፦ ነገሩ እስኪሰማ ድረስ ማንም ማንንም ጥሎ አይሄድም።

ለመሆኑ ልጆቹ ምን ናቸው? እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። እውነት ነው። ግን ተረቱ የሚናገረው ስለ ወጊና ስለ ተወጊ ነው፤ ስለ ልጆቻቸው ምንም አይልም። ልጁ አልወጋም፣ ልጅቷም አልወጋችም። የሚወርሱት ምንድን ነው? ሐዘን ይወረሳል፤ ሟች አባት የቤት ባዶ ቦታ ነውና ልጅ በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ያድጋል። የማወቅ ኃላፊነትም ይወረሳል። ጥፋት ግን አይወረስም። ጥፋት የሠሪው ብቻ ነው፤ ከሠሪው ጋር ለፍርድ ይቀርባል፣ ከሠሪው ጋርም ይሞታል።

ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ የትምህርቱ ሁሉ መክፈቻ ግን እሱ ነው። ልጅ እውነትን የሚክደው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የወገኑ ጥፋት የራሱ ንብረት እንደሆነ ስለነገርነው ነው። «የናንተ ሰዎች እንዲህ አደረጉ» የተባለ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ምን ምርጫ አለው? ወይ አባቱን ይጥላል፣ ወይ እውነቱን ይጥላል። ልጅ ደግሞ አባቱን አይጥልም። ደም መመለስ ባለበት አገር ያደግን ሰዎች ይህን ማወቅ አያቅተንም። ደም ሲመለስ የሚሞተው ገዳዩ ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ ምንም ያላደረገ ወንድሙ ነበር። የሽማግሌ እርቅ ትልቁ ሥራም ይህን ውርስ መቁረጥ ነው፦ ካሳው ተከፍሎ፣ ጥፋቱ በአደባባይ ተነግሮ፣ ከዚያ ወዲያ የሟች ልጅ የገዳይን ልጅ አይፈልገውም። ጥፋቱ ሳይነገር የተደረገ እርቅ ግን እርቅ አይባልም፤ «ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት» ተብሏል። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፦ እውነቱ ይነገራል፤ ልጁም ከጥፋቱ ነፃ መሆኑ ይነገረዋል። ነፃ መሆኑን ያወቀ ልጅ ነው እውነቱን ለመስማት ጆሮ የሚኖረው።

«እንግዲህ ሁሉም የየራሱን ይናገር ልትል ነው?» የሚለኝ ባልደረባ አለ። አይደለም። ለሁለት የማይከፈል ነገር አለ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ጦርነት መጀመሩ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት መፈረሙ አስተያየት አይደለም። በማይካድራም በአክሱምም፣ በጭናም በጋሊኮማም ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸው አስተያየት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤትና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን በጋራ መርምረው ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት፣ ሁሉም ተፋላሚ ወገኖች በተለያየ መጠን በደል መፈጸማቸውን አስፍረዋል። ከእነዚያ አራት ቦታዎች ሁለቱን አንሥቶ ሁለቱን የሚተው መምህር አላስተማረም፤ ወገን ለየ እንጂ። ሙታን በዓምድ አይከፈሉም። የሚያከራክረው ትርጉሙ ነው፤ ስለ ትርጉም መከራከር ደግሞ የታሪክ ትምህርት ራሱ ነው።

እንዲህ ያለውን ክርክር ለልጆች ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም፤ ያን ዕለት ሰሌዳዬ ላይ ነበር። የውጫሌ ውል አንድ ውል ነው፤ ንባቡ ግን ሁለት ነበር። የአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣሊያ በኩል መላክ እንደሚችሉ፣ የኢጣሊያንኛው ደግሞ በኢጣሊያ በኩል የመላክ ግዴታ እንዳለባቸው ይላል። የኢትዮጵያ ተማሪ ሁሉ ይህን ያውቃል። እንዴት አወቅን? ሁለቱን ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጠን። ከባዕድ ጋር የተዋጋነውን ስንማር የምንጠቀምበት ሚዛን፣ እርስ በርስ የተዋጋነውን ስንማር ከእጃችን የሚወድቅበት ምክንያት የለም።

ይህን በመከራ ውስጥ ሆነው የሞከሩ አሉ። እስራኤላዊው ዳን ባርኦን እና ፍልስጤማዊው ሳሚ አድዋን የሁለቱን ወገን የታሪክ መምህራን ሰብስበው፣ ሁለተኛው ኢንቲፋዳ (የፍልስጤማውያን ዐመፅ) እየነደደ ሳለ፣ አንድ መጽሐፍ አዘጋጁ። በአንደኛው ዓምድ የእስራኤላውያን ትረካ፣ በሌላው ዓምድ የፍልስጤማውያን ትረካ ተጻፈ። በመሃል ባዶ ቦታ ተተወ፤ ተማሪው የራሱን እንዲጽፍበት ነው። መጽሐፉ በሁለቱም በኩል መደበኛ የትምህርት መጽሐፍ ለመሆን አልታደለም። ጦርነቱንም አላስቆመም። እኔን ግን ያ ባዶ ዓምድ አይለቀኝም። መምህራኑ ሁለት የተጣሉ ሕዝቦች ሊሞሉት ያልቻሉትን ቦታ በውሸት አልሞሉትም፤ ለልጆቹ ተዉላቸው።

ይህን ስል አደጋውን አላቃልለውም። አባቱን የቀበረን ልጅ ክፍል ፊት አቁሞ ምስክር ማድረግ ጭካኔ ነው። ለአንደኛ ክፍል ልጅ የጅምላ መቃብር አይነገርም። መምህርም ደመወዙን፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠውን አስይዞ ነው የሚናገረው። ዛሬም ተኩስ ያልቆመባቸው የአገራችን አካባቢዎች አሉ፤ እዚያ ያለውን ባልደረባዬን ተናገር ለማለት አልደፍርም። ግን «ገና ነው» የሚለው መልስ ማብቂያ የለውም። እኛ ቁስሉ እስኪሽር ስንጠብቅ ቤቱም፣ ስልኩም፣ አጥሩም አይጠብቁም።

ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት በኋላ ተማሪዎቼን ሁሉ አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። ታሪክ አትጻፉ አልኳቸው። ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ወይም ወረቀት አምጡ፤ መቼ፣ የት፣ የማን እንደሆነ ጻፉ፤ ከሥሩም «እንዴት አወቅሁ?» ለሚለው መልስ ስጡ። ስለ ጦርነት ይሁንም፣ አይሁንም አላልኩም። የታቦት ንግሥ ፎቶ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የአያት የጡረታ ደብተር መጣ።

ልጅቷ ያመጣችው የትምህርት ቤት ካርዷን ነው። 7ኛ ክፍል፣ 2012 ዓ.ም.፤ አንደኛው መንፈቅ ዓመት በየትምህርቱ ውጤት ተሞልቷል፣ ሁለተኛው ትምህርት ቤቶች በኮሮና ከተዘጉበት ከመጋቢት ወዲህ ባዶ ነው። ከሥሩ ሁለተኛ ካርድ አያይዛለች፦ 8ኛ ክፍል፣ አዲስ አበባ፣ 2016 ዓ.ም.። በሁለቱ መካከል ያለውን በእጇ ጽፋዋለች፤ «ሦስት ዓመት ከስድስት ወር»። ልጁም ሳይነጋገሩ ያመጣው ካርድ ነበር። 6ኛ ክፍል፣ ቆቦ፣ 2014 ዓ.ም.፤ የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ረድፍ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው።

ሁለቱን ካርዶች ዴስኩ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። ልጁ የእሷን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ስለ ጦርነቱ ሳይሆን ሌላ ነገር ጠየቃት።

«ያን ሁሉ ጊዜ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ታናናሾቼን ፊደል አስቆጥር ነበር» አለችው።

ታረቁ እያልኩ አይደለም። የማያውቋቸው ሰዎች ያልታረቁትን እነሱ እንዲታረቁ መጠየቅም አይገባም። ስለ መንስኤው እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተከራክረው ልጅቷ አልቅሳ ወጥታለች፤ እኔም የማልመልሰው ጥያቄ ብዙ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ዴስክ ላይ «እናንተ» የሚለው ቃል ከባድ ሆኗል። አንዱ ሌላውን «እናንተ» ለማለት አፉን ሲከፍት፣ ጎኑ የተቀመጠው ሰው ባዶ ረድፍ ያለበት ካርድ እንዳለው ያውቃል።

መምህር ለሆናችሁ ሁሉ የማቀርበው ልመና አጭር ነው፦ ደወሉ ሳይደወል ሰሌዳውን አታጥፉ። መልሱን ባታውቁትም ጥያቄው ተጽፎ ይቆይ።

ለወላጅም አንድ ቃል አለኝ። ዛሬ ማታ ልጅህ ስለ ጦርነቱ ቢጠይቅህ ንገረው፤ ሐዘንህን አትደብቀው፣ የሞተብህንም በስሙ ጥራለት። ከመናገርህ በፊት ግን ይህን ራስህን ጠይቅ፦ አሁን የምነግረውን ነገር፣ በዴስኩ ሌላኛው ጫፍ የተቀመጠው ልጅ እዚህ ቢኖር፣ ዓይኑን እያየሁ እነግረው ነበር ወይ? የምትነግረው ከሆነ እውነት ነውና ንገረው። የማትነግረው ከሆነ ለልጅህም አትንገረው።